ቆጣሪው በማን ስም ነው? የቤንዚን መኪና እገዳ ከአንድ ግቢ ሲታይ

የምኖርበት ግቢ ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። ከፊት የባለቤቶቹ ቤት አለ፤ ከኋላ በመስመር የተሠሩ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ከእነሱ አንዷ የእኔ ናት። ቤቱን ስንከራይ ለሁላችንም የተነገረን ደንብ ተመሳሳይ ነበር። አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል፤ ምጣድ አይቻልም። «ምጣድ ቆጣሪ ይበላል» ይላሉ አከራያችን። ስለዚህ ከእኔ ሁለት በር አልፋ የምትኖረው ጎረቤቴ በሳምንት ሁለቴ፣ ግቢው ጥግ በቆርቆሮ በተከለለች ማድ ቤት እንጨት አንድዳ ትጋግራለች። ጭሱ ሲበዛባት ትወጣለች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተመልሳ ትገባለች።

ባለፈው ዓመት የአከራያችን ልጅ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ገባ። ነጭ ናት፤ ስትመጣ የምትሰማው የጎማዋ ድምፅ ብቻ ነው። ማታ ማታ ከሳሎኑ መስኮት በወጣ ወፍራም ገመድ ተሰክታ ታድራለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ብሬከሩ ወድቆ ግቢው ሁሉ ጨለመ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጎረቤቴ እሳቷን እያራገበች ቀና አለችና «እትዬ፣ ይቺስ ቆጣሪ አትበላም?» አለቻቸው።

እትዬ አልተቆጡም። «ይቺማ ነዳጅ ታተርፋለች፣ ልጄ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ማን ነው የሚያተርፈው?

እገዳው እንዴት መጣ

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ የውጭ ሚዲያዎች ኢትዮጵያን የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባትን የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር ብለው ጻፉ። ብዙዎቹ የጻፉት የአየር ንብረት ዜና አድርገው ነው። ሚኒስትሩ የሰጡት ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ቤንዚንና ናፍጣ የምንገዛበት የውጭ ምንዛሪ የለንም ነው ያሉት።

ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2016፣ ኢትዮጵያ ከውጭ አበዳሪዎች በዶላር የተበደረችበትን የዩሮቦንድ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር መክፈል አቅቷት ነበር። በዓመት ለነዳጅ ብቻ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ይወጣ ነበር ሲባል፣ የ33 ሚሊዮኑ ዕዳ ምን ያህል ጠባብ መዳፍ ላይ እንደወደቀ ይታያል። እኔ ይህን የማነሳው ለመንቀፍ አይደለም። ዶላር የሌለው መንግሥት ዶላር የሚበላውን ነገር ቢቆርጥ ማንም ቤተሰብ የሚያደርገው ነው። ግን መነሻው የዶላር ጭንቀት ስለሆነ፣ «ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል» የሚለው ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ሳይቀርብ ቀረ። ጎረቤቴ እትዬን የጠየቀቻቸውን ጥያቄ በሚኒስቴር ደረጃ ሲጠየቅ አልሰማሁም።

መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎ ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2014 ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተበታትኖ ለሚመጣ ዜሮ ሆነ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር የአሥር ዓመት ዕቅድ 148 ሺህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልና 4,800 ገደማ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ይል ነበር። የአውቶሞቢሉ ቁጥር እየሮጠ ነው፤ ባለሥልጣናት ከ100 ሺህ በላይ መግባቱን ይናገራሉ። አውቶቡሱ በዝግታ ነው የሚመጣው። ስለ እኩልነት የሚወራ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያያቸው ብዙ ነገር ይገባዋል።

ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የመግዛት መሰላል ያገለገለ መኪና ነበር። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የመጣች፣ ሁለትና ሦስት ባለቤት ያየች ኮሮላ፣ ወይም ቪትዝ። ባልና ሚስት መምህራን ዕቁብ ጥለው፣ ከዘመድ ተበድረው፣ አሥር ዓመት ቆጥበው የሚደርሱባት። ያቺ የታችኛዋ እርከን ተነሳች። በምትኩ የቀረበችው አዲስ መኪና ናት፤ ዋጋዋ በሚሊዮን የሚቆጠር፣ በዶላር የተገዛች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ 57 የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ቀረጡ የቀነሰላትን ያህል ምንዛሪው ጨመረባት። በ2018 መግቢያ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻው 11,500 ብር ሆነ። ሦስት ሚሊዮን ብር የተባለች መኪና ለመግዛት፣ ሳይበላና ሳይከራይ ደመወዙን በሙሉ የሚያጠራቅም ተመራቂ ከ21 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

የሒሳቡ ጉዳይ

እትዬ «ታተርፋለች» ያሉትን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሐምሌ 2014 ቤንዚን በሊትር 47.83 ብር ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ማብቂያ 101.47 ብር ገባ። መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስድስት ሊትር ተኩል የምትጠጣ ቪትዝ በዚህ ዋጋ ወደ 660 ብር ትበላለች። የኤሌክትሪኳ ለዚያው መንገድ፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃታል። እስከ 2016 ማብቂያ በሠራው ታሪፍ፣ በጣም ውድ በሆነው የመኖሪያ ቤት እርከን፣ ኪሎ ዋት ሰዓቱ 2.481 ብር ነበር። 17 ሲባዛ 42 ብር ከምናምን ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት፣ ደረጃ በደረጃ እየተጨመረ ነው። ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ 130 ብር አይሞላም።

ስለዚህ መኪናዋ ያለችው ሰው በየወሩ ብዙ ሺህ ብር ያድናል። መኪና የሌለው ሰው ከዚህ ውስጥ የሚደርሰው የለም። ይሄ እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ይበልጥ ያስገረመኝ የታሪፉ እርከን ነው።

የመብራት ታሪፍ ደሃን እንዲያግዝ ታስቦ በደረጃ ተሠርቷል። በዚያው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤተሰብ ዋጋው 0.273 ብር ብቻ ነበር፤ ከዚያ እስከ 500 በላይ ድረስ ሰባት እርከን እያለ ይወጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ፣ ታሪፉ የሚያውቀው ቆጣሪውን እንጂ ሰዉን አይደለም። እኛ ሰርቪስ ክፍል ያለን አምስት ቤተሰቦች እያንዳንዳችን 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ብንጠቀም፣ የየራሳችን ቆጣሪ ቢኖረን የእያንዳንዳችን የፍጆታ ሒሳብ በወር ከ11 ብር አይበልጥም ነበር። ግን ቆጣሪው አንድ ነው፤ የእኛ አምስት ጊዜ አርባ፣ ማለትም 200፣ ከዋናው ቤት 250 ጋር ተደምሮ 450 ይሆናል። መኪናዋ ደግሞ በወር አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ብትሄድ 170 ታክልበታለች። 620። ግቢው ሁሉ የመጨረሻው እርከን ላይ ወጣ። እትዬ በየወሩ ከእያንዳንዳችን የሚቀበሉት 300 ብር በቆጣሪ የተሰላ አይደለም፤ በአምፖል ነው። መኪናዋ ከገባች በኋላ «መብራት ጨመረ» ተብሎ 400 ሆነ። መብራት መጨመሩም እውነት ነው፤ ምን ያህሉ ከታሪፉ፣ ምን ያህሉ ከመኪናዋ እንደሆነ ግን ከእኛ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ይህ የእትዬ ክፋት ነው ማለቴ አይደለም። እትዬ ጡረተኛ ናቸው፤ የሚኖሩት በኪራያችን ነው። በከተማው በአንድ ቆጣሪ ሦስትና አምስት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ስንት እንደሆነ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ደሃን ይደግፋል የተባለው እርከን የሚደርሰው ቆጣሪ በስሙ ላለው ነው። ቆጣሪ በስም ለማውጣት ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ይጠየቃል።

ስለ ምጣዱም አሰላሁ። ተለምዷዊው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ከመኪናዋ የቤት ቻርጀር ይበልጣል። «ይበላል» የተባለው ለዚህ ነው። ግን ጎረቤቴ የምትጋግረው ሁለት ሰዓት ነው፤ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ በዚያው ታሪፍ፣ በውዱ እርከን እንኳ 17 ብር ነበር። መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምትስበው። በ17 ብር አንድ እቅፍ እንጨት አይገኝም።

ውሃው የማን ነው

ለእገዳው የሚሰጠው ሁለተኛው ምክንያት «የራሳችን ኃይል አለን» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ይሄን ክፍል ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ሌላ አገር የኤሌክትሪክ መኪና የሚሞላው ከድንጋይ ከሰል በሚመጣ ኃይል ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውሃ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው ጭስ ውስጥ በየቀኑ ለሚተነፍስ ሰው፣ ጭስ የሌላት መኪና መምጣቷ በራሱ ትርፍ ነው።

ግን ያ ውሃ በማን ብር ተገደበ? መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጠ፤ ነጋዴው ቦንድ ገዛ፤ ሊስትሮው ከሳጥኑ አወጣ። አገሪቱ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ገና መብራት የለውም፤ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። ቦንድ ገዝተው ቤታቸው ገና መብራት ያልገባላቸው ገበሬዎች አሉ። ከኃይሉ ከፊሉ ለጎረቤት አገር ይሸጣል፤ ከፊሉም ለክሪፕቶ ማምረቻ ማሽኖች ሲሸጥ ቆይቷል፤ ሁለቱም ዶላር ያመጣሉና። እኔ ሽያጩን አልቃወምም። ቅድሚያው እንዴት እንደተደረደረ ግን ይታያል፤ ዶላር የሚያመጣ፣ ከዚያ ዶላር የሚያድን፣ ከዚያ እንጀራ የሚጋግር።

የሌላኛውን ወንዝ ነገር ብዙ ሰው አያነሳውም። በታኅሣሥ 2009 የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት አለው። ኦሞ ከግድቡ በታች በየዓመቱ እየሞላ ዳርቻውን ያጠጣ ነበር፤ ዳሰነችና ሌሎችም ውሃው ሲሸሽ በተወው ርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ያ ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም። ቦሌ ላይ ቻርጅ የምትደረግ መኪናና ኦሞ ዳር ያልተዘራ ማሽላ በአንድ ሽቦ መያያዛቸውን ሽቦው አይናገርም።

ለብዙኃኑ የነበረው ኤሌክትሪክ

ከተማዋ የኤሌክትሪክ ትራንስፖርትን የተዋወቀችው በ2016 አይደለም። መስከረም 9 ቀን 2008 ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀመረ። 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው የቻይና ብድር፤ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ ሁለት መስመር፣ ከአያት ጦር ኃይሎችና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፤ 41 ባቡር። ዋጋው ከሁለት እስከ ስድስት ብር። እኔ ራሴ በዚያ ዓመት ከአያት በአራት ብር እየተሳፈርኩ ሥራ ገብቻለሁ፤ ጠዋት ላይ በሩ በሰው ተገፍቶ አይዘጋም ነበር። ነዳጅ የለ፣ ጭስ የለ፤ የድሃው የኤሌክትሪክ መኪና ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ቆሙ። መለዋወጫ በዶላር ነው፤ ዶላር የለም። ከ41ዱ ብዙዎቹ ዴፖ ገብተው ቀሩ። ለቀላል ባቡር መለዋወጫ ያልተገኘው ምንዛሪ፣ በግል ለሚገቡ አዳዲስ መኪኖች በአንድም በሌላም መንገድ ተገኝቷል። መኪኖቹን ያስገባው የግል ገንዘብ ነው ይባላል፤ ይሁን። ያልተሰበሰበው ቀረጥና ታክስ ግን የግል አይደለም።

ስለ ነዳጅ ድጎማም እንዲሁ ነው። ለዓመታት መንግሥት ነዳጅን ሲደጉም፣ ብዙ ነዳጅ የሚቀዳው ብዙ ድጎማ ወሰደ፤ ሁለት መኪና ያለው አንድ ካለው በላይ፣ በእግሩ የሚሄደው ምንም። በ2014 ይህ ቀርቶ ድጎማው በቴሌብር በኩል ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ ይሁን ተባለ፤ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። አሁን ያው የመኪና ባለቤት ከነዳጅ ማደያው ወጥቶ ከርካሹ መብራት ሲቀዳ፣ ድጎማው በኋላ በር ተመልሶ ገባለት።

ሚኒባሱ፣ ጋራዡ

አንድ ጠዋት ከሳሪስ ስመጣ ጋቢና ተቀምጬ ሹፌሩን ጠየቅሁት። ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ሚኒባሱ የሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ የዕለት ገቢ ያስገባል። «ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ ሚኒባስ ቢሰጥዎት አይሻልም?» አልኩት።

«ይሻላል። ግን ስትሞላ ገቢውን ማን ይከፍልልኛል?»

ይህን መልስ የትም ዕቅድ ላይ አላየሁትም። የነዳጅ ሰልፍ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ አንዴ ከደረሰህ ግን ቀድተህ ለመውጣት ደቂቃ ነው። ቻርጅ ማድረግ እንደ ማሽኑ ዓይነት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሙሉ ሌሊት ይወስዳል። የግል መኪና ባለቤት ሲተኛ መኪናውም ትተኛለች፤ ለእሱ ጊዜው ነፃ ነው። በዕለት ገቢ የሚሠራ ሰው ግን መኪናው የቆመበት እያንዳንዱ ሰዓት ዕዳ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ቦሌ ላይ የከፈተው ዓይነት ፈጣን መሙያ ለዚህ ሰው መልስ ሊሆን ይችል ነበር፤ ካዛንቺስ ወይም ሳሪስ ተራ ማስከበሪያው አጠገብ ቢሆን። መሙያዎቹ የሚተከሉት ግን መኪናው ባለበት ነው፤ መኪናው ደግሞ ቦሌ ነው። ከአዲስ አበባ ሲወጡ ነገሩ ይሳሳል፤ የአከራያችን ልጅ እንኳ ሐዋሳ ሲሄድ መኪናዋን ትቶ በአውቶቡስ ነው የሚሄደው።

ሶማሌ ተራ ላይ ደግሞ የቪትዝ መለዋወጫ ሳይሆን የሰው ሙያ ነው እየረከሰ ያለው ብል አላጋነንኩም። ሞተር አውርዶ መግጠም በዕድሜው የተማረ መካኒክ፣ የነዳጅ ሞተር የሌላት መኪና ስትመጣ እጁ ባዶ ነው። አዲሷ መኪና ስትበላሽ የምትፈልገው ላፕቶፕና የአምራቹን ሶፍትዌር ነው፤ ያንን የሚያውቁ ጋራዦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ባትሪ ሲበላሽ ወር መጠበቅ አለ። ለዚያ መካኒክ የተዘጋጀ ሰፊ ሥልጠና እስካሁን አላየሁም። የሚታየው፣ የነዳጅ መኪኖች ገና በመቶ ሺዎች መንገድ ላይ ስላሉ ለአሥር ዓመት ሥራ አያጣም የሚል መጽናኛ ነው።

ግቢው አሁን

ባለፈው ወር አምስታችን ተሰብስበን የየራሳችን ቆጣሪ ይግባልን ብለን እትዬን ጠየቅን። የይዞታ ማረጋገጫው በሟች ባለቤታቸው ስም ነው፤ የውርስ ጉዳዩ ገና አላለቀም። «ይለቅና እናያለን» አሉ። በዚያው ምሽት ግን ከጎረቤቴ ጋር ለብቻቸው ተነጋግረው ኖሮ፣ በወር 200 ብር ጨምራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልትሰካ ተፈቀደላት። ቅድመ ሁኔታው፣ መኪናዋ ገመድ ላይ ባለችበት ሰዓት እንዳይሆን ነው፤ ሁለቱ አብረው ከተሰኩ ብሬከሩ ይወድቃል።

ምጣዱን መርካቶ ሄዳ ገዛች። ሰኞና ሐሙስ ሊጥዋ ሲደርስ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በራፍዋ ላይ ቆማ ልጁ ከቤት እስኪወጣ ትጠብቃለች።

«ዛሬ ትወጣለህ አይደል?»

«እወጣለሁ፣ እህቴ። ትንሽ ቆይቼ።»